ያልነበረ ቢጫ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ቀለም እቀባለሁ» እላለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚመስለው ግድግዳ ነው። አንዲት የኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ «እትዬ፣ የእኔን ሳሎን በስንት ቀን ይጨርሱልኛል?» ብላኝ ታውቃለች። «አበባ ከሆነ በሦስት ቀን» አልኳት። ቀልድ መሰላት።

እውነቴን ነበር። እኔ የምቀባው በወረቀት ላይ ያለ አበባ ነው። ተክሉን ሌላ ሰው በጥቁር መስመር ይሥለዋል፤ ማተሚያ ቤት መስመሩን ያባዛዋል፤ ከዚያ እኔ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ሉህ በቀጭን ብሩሽና በውሃ ቀለም አለብሰዋለሁ። አርባ ሉህ ካለ አርባ ጊዜ። ማሽን እያለ ለምን ትለፊያለሽ የሚለኝ ብዙ ነው። ማሽን ቀለሙን በነጠብጣብ ነው የሚረጨው፤ በማጉያ መነጽር ስታዩት ቅጠሉ ቅጠል አይደለም፣ የተበተነ ጤፍ ነው። በእጅ የተቀባው በማጉያም ቢሆን ያው ቅጠል ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ይህንንም የምጽፈው እንደማወራው ነውና ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ። ቀለም ግን የገባኝ በልጅነቴ ነው። እናቴ ወሎ ውስጥ የስፌት አክርማ ትነክር ነበር። ድስቱ ሲፈላ አጠገቧ ታቆመኝና «አሁን ነው ወይስ ገና?» ትለኛለች። «ገና» ካልኩ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ቸኩዬ «አሁን» ብዬ አንድ እስር አክርማ አበላሸሁባት። አልመታችኝም። የተበላሸውን እስር በሩ ላይ ሰቅላ ወር ሙሉ አሳየችኝ።

አዲስ አበባ መጥቼ ቦሌ አንዲት ፈረንጅ ሴት ቤት ተቀጠርኩ። ሴትዮዋ ዕፅዋት ትሥል ነበር። እኔ ቤት አጸዳለሁ፣ ብሩሾቿን አጥባለሁ። አንድ ቀን ከትከሻዋ በላይ አይቼ «ይሄ አረንጓዴ የታመመ ነው» አልኳት፣ በተሰባበረ አፌ። ብሩሹን ሰጠችኝ። «እንግዲያው አድኚው» አለች። ጥቂት ቡኒ ጨመርኩበት። ከዚያ ቀን ወዲያ ቤቱን ሌላ ሰው ያጸዳ ጀመር።

የሥራውን ታሪክ የነገረችኝ እሷ ናት። ድሮ በእነሱ አገር፣ ማሽን ቀለም ማተም ሳይችል፣ ሥዕሉ መዳብ ላይ ይቀረጽና በጥቁር ይታተማል። ከዚያ ሴቶችና ልጃገረዶች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዷ አረንጓዴ ብቻ፣ አንዷ ቀይ ብቻ፤ የድርሻዋን ቀብታ ሉሁን ወደ ጎረቤቷ ትገፋለች። መካከል ላይ ናሙና የሚባል አንድ ሉህ ይቆማል፤ ሁሉም የሚያዩት እሱን ነው። ናሙናው ልክ ከሆነ ሁሉም ልክ ነው፤ ናሙናው ከሳተ ሺህ ሉህ ይስታል። ከድሮው አረንጓዴ ውስጥ መርዝ ያለበትም ነበር፤ ብሩሻቸውን በምላሳቸው የሚያሾሉ ልጃገረዶች ይታመሙ ነበር አሉ። ስለዚህ ብሩሽ ወደ አፌ ሳስጠጋ ካየችኝ ትጮህብኝ ነበር።

አንድ አሮጌ ሉህም አሳየችኝ። ቅጠሉ ሁሉ ሰማያዊ ነው። «እነዚህ ሰዎች ሰማያዊ ቅጠል የት አዩ?» አልኩ። ሳቀች። አረንጓዴው የተሠራው ከሰማያዊና ከቢጫ ነበር፤ ዘመን ሲሄድ ቢጫው በብርሃን ጠፍቶ ሰማያዊው ብቻውን ቀረ። «ቢጫ ሯጭ ነው» አለችኝ። «እምነት አትጣይበት።»

ከሉሁ ግርጌ በግራ የሣዩ ስም፣ በቀኝ መዳቡን የቀረጸው ስም ተጽፏል። «የሴቶቹስ?» አልኳት። መጽሐፎቿን ሁሉ አገላብጣ አንድ ስም አጣች።

እሷ ወደ አገሯ ከሄደች ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ብሩሾቿን ትታልኛለች። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ አበባ እየቀባሁ፣ የፖስታ ካርድ እየቀባሁ ልጆች አሳደግሁ፤ የልጅ ልጅም አሳደግሁ። ከአንድ መምህር ጋር የተዋወቅሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ጡረታ የወጡ የዕፅዋት መምህር ናቸው፣ እጃቸው ለመስመር የተፈጠረ። ከተማው በምሥራቅ በኩል እየሰፋ፣ ለሚ ኩራ በቤት እየሞላ ሲሄድ እንቅልፍ አጡ። «ተክሎቹ ሳይጠፉ አሥራ ሁለቱን እንኳ እንያዛቸው» አሉኝ። አሥራ ሁለት ተክል፣ አርባ ቅጂ መጽሐፍ፣ ሁሉም በእጅ የተቀባ። እሳቸው በቤታቸው ካስቀመጡት ደረቅ ተክል መስመሩን ይሥላሉ፤ ደረቅ ተክል መስመር እንጂ ቀለም የለውማ፤ እኔ ሕያዉን ካለበት ሄጄ እያየሁ ናሙናውን እቀባለሁ።

«ስምዎ ከስሜ ጎን ይጻፋል» አሉኝ።

ይህን ቃል ስሰማ እነዚያን ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የነበሩትን ሴቶች አሰብኩ። ኩራት ኩራት አለኝ፤ አልዋሽም።

ከአሥራ ሁለቱ አንዱን፣ የአዞ ሐረግን፣ ያገኘሁት ለሚ ኩራ ጫፍ ነው፣ አንዲት ወይራ ላይ ተጠምጥሞ። እግሬ መዞር ይወዳል፤ በርጩማዬን በክንዴ አንጠልጥዬ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አራት ቅጠል ያላት አበባ ናት፣ ወተት የመሰለች፤ ወደ መሃሏ ብቻ ቅቤ የነካው ጣት ያለፈባት ይመስላል። ነጭ አበባ መቀባት ከባድ ነው፤ አብዛኛውን ወረቀቱን ራሱን ትተዋለህ፣ የምትነካው ጥላውን ብቻ ነው። ያቺን ናሙና ስጨርስ መምህሩ ዝም ብለው አዩዋት። ለእሳቸው ዝምታ ምስጋና ነው።

ናሙናዎቹን ጨርሰን፣ የታተመው መስመር እስኪመጣ ጊዜ ሄደ። ወረቀት ጠፋ፣ ማተሚያ ቤቱ ቀጠሮ አፈረሰ፣ መምህሩ ታመው ዳኑ። ወረቀቱ ሲመጣ ወይራዋ ተቆርጣ ነበር። ቦታው መሠረት ተቆፍሮበታል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የእኔ ጉድ። መቅባት ስጀምር ናሙናዬን ብርሃን ላይ አወጣሁት፤ ቅቤዋ የለችም። አበባዋ ድፍን ናት። መስኮት ጋ ወሰድኩት፣ የለችም። አምፖሉን አስቀየርኩ፣ የለችም። ወዲያው የድሮዋ እመቤቴ ቃል መጣልኝ፤ ቢጫ ሯጭ ነው። «ሮጠች» አልኩ፤ በመደርደሪያ ላይ ሁለት ክረምት ሰንብታ ሮጠች። ባለሙያ ነኝና አልደነገጥኩም። ብሩሼን ነክሬ ቅቤዋን መለስኩላት። አሁንም አትታይም። ደገምኩ። ሠለስኩ። መታየት ስትጀምር ልኩ ይህ ነው ብዬ አቆምኩ። ከዚያ እሱን እያየሁ አርባውን ሉህ ቀባሁ።

የሮጠው ቢጫው አልነበረም። ዓይኔ ነው ሞራ የለበሰው። ሞራ ደግሞ ዓይንን ወዲያው አያሳውረውም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያሞኘው፤ ነጩን ሁሉ ቢጫ ስለሚያደርገው ስስ ቢጫ በነጭ ላይ አይታይም። ዓለም ሁሉ ቅቤ ከሆነ ቅቤ የት ይታያል? እኔ ይህን አላወቅኩም። ማታ ማንበብ ሲያቅተኝ እርጅና ነው አልኩ፤ የልጅ ልጄ «ክሊኒክ እንሂድ» ስትል መጽሐፉ ይለቅ አልኩ።

አርባውን ሉህ ባስረከብኩ በሳምንቱ መምህሩ ቤቴ መጡ። ሙዝና ብርቱካን ይዘዋል፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ እኛ ቤት ደረጃው አራት ፎቅ ነው። ሳይቀመጡ «እትዬ፣ አዲስ ነገር ሳናገኝ አልቀረንም» አሉ። ስለ አዞ ሐረጉ ነው። ይህ ሐረግ ነጭ እንደሆነ ነው የሚታወቀው፤ የእኛው ግን ቢጫ ነው፤ እንዲህ ያለ በሌላ ቦታ መኖሩን አንብበው አያውቁም። «ዕድሜ ልኬን ሰው ያገኘውን ሳስተምር ኖሬ፣ አንድ ነገር ራሴ አገኘሁ» አሉ። እንደ ሙሽራ ነበር ፊታቸው።

«ቢጫ ነበረ አይደል እትዬ? እርስዎ ነዎት ያዩት።»

«አዎ፣ ቢጫ አላት» አልኳቸው።

እኔ መሃሏ ላይ ያለችውን ቅቤ አሰብኩ። እሳቸው ሉሁ ላይ ያዩትን የእንቁላል አስኳል።

ከዚያ ነው የልጅ ልጄ ጎትታ የወሰደችኝ። የቀኙን ዓይን ሞራ ገፈፉልኝ፤ የግራውን በሌላ ጊዜ አሉ። ፋሻው በነጋታው ሲነሳ የነርሷ ጋውን አጥበረበረኝ። «ልጄ፣ ዛሬ በበረኪና አጠብሽው እንዴ?» ብላት «እማማ፣ ያው የትናንቱ ነው!» ብላ ሳቀች። ስወጣ ሰማዩን አየሁት። ሰማይ እንዲያ ሰማያዊ እንደነበር ረስቼ ኖሯል። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ «ዓይንሽን አትሺው!» እየተባልኩ።

ደስታዬ እስከ ቤት ነበር። ናሙናው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የአዞ ሐረጓ አበባ የዶሮ እንቁላል ሆና፣ አስኳሏ ሉሁ ላይ ፈሶ ጠበቀችኝ።

የልጅ ልጄን ጠራኋት። «ይሄ ምን ቀለም ነው?»

«ቢጫ።»

«ስንት ቢጫ?»

«በጣም ቢጫ ነዋ እማዬ። ሁሌም ቢጫ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አበባ ቢጫ ሆነ ብዬ ምን ልበል? ኤክስፐርቷ አንቺ ነሽ!»

ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አይታ አቆመች። ስልኳን አውጥታ የሐረጉን ፎቶ ፈለገች። አንዱ ላይ ነጭ ነው፣ አንዱ ላይ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ አንዱ ላይ አረንጓዴ ይመስላል። «አየሽ? ኢንተርኔቱም ራሱ አልወሰነም» አለች። «ተዪው በቃ። ቦታው የለ፣ ወይራዋ የለች፣ ማን ቼክ ያደርጋል? ለሽማግሌው ደግሞ ደስታቸው ነው። ደስታቸውን ገፍፈሽ ምን ታገኛለሽ?»

ያልተማርኩ ልሁን እንጂ ይህን ጥያቄ እኔም ለራሴ ጠይቄዋለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠየቅኩት። አንዴ ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ በግራው አያታለሁ፤ አበባዋ ደህና ናት፣ ነጭ ናት ማለት ይቻላል። ግራውን ጨፍኜ በቀኙ አያታለሁ፤ አስኳል። አንድ ሰው ሁለት ምስክር በአንድ ፊቱ ላይ ይዞ እንዴት ይኖራል?

በአራተኛው ቀን፣ ከመናገሬ በፊት ሕያዉን በዳነው ዓይኔ ልየው ብዬ ወጣሁ። ምናልባት ልክ ነበርኩ የሚል ትንሽ ተስፋም ነበረኝ። ናሙናዬን በካርቶን ይዤ መገናኛ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ «እማማ፣ ካርቶኑ ለብቻው ይከፍላል፣ ወንበር ይዟል!» አለኝ። «አበባ ነው ልጄ፣ አይከብድም» ስለው፣ «እንግዲያው ሽታው ይከፍላል» አለ። ታክሲው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም።

ለሚ ኩራ ወይራዋ የነበረችበት ቦታ ሰባት ፎቅ ቆሟል፣ ገና ያልተለሰነ። ዘበኛውን የአዞ ሐረግ አይተህ ታውቃለህ አልኩት።

«ሐረግ? እማማ፣ እዚህ ያለው ሐረግ የመብራት ገመድ ብቻ ነው። እሱንም ሌባ ሳያገኘው ቶሎ ይዩት።»

በእግሬ ዞርኩ። በየአጥሩ፣ በየቦዩ፣ ገና ባልተቆፈረበት ሁሉ። በነጋታው ደግሞ ላምበረት ወርጄ ወደ ተራራው ወጣሁ። ያገኘሁት መቃብር አጥር ላይ ነው፣ የሙስሊም መቃብር፤ ሙታን ባሉበት ማንም ለቤት ስለማይቆፍር ሐረጉ እንደልቡ ነው። አበባው ፈክቷል። ፋቲሓዬን ቀራሁ፤ ከዚያ ቀኝ ዓይኔን ገለጥ፣ ግራዬን ጨፈን አድርጌ ቀረብኩ። ወተት። መሃሏ ላይ ያቺ ጣት የነካት ቅቤ። በግራ ዓይኔ ሳያት ቅቤዋ ጠፋች፣ ሁሉም እርጎ ሆነ።

አንድ መቃብር ሊጎበኙ የመጡ ሴት «ምን ሆነው ነው ዓይንዎን የሚጨፍኑት? ያመዎታል?» አሉኝ።

«ዓይኔስ ዳነ» አልኳቸው። ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም።

አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በቀጥታ መምህሩ ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ከሥዕሎቹ ጋር የሚሰፋው የታተመ ጽሑፍ ተዘርግቷል። ሰላምታ ሳልጨርስ አበባዋን ጽሑፉ ላይ አስቀመጥኳት። ነገርኳቸው፤ ሞራውን፣ ናሙናውን እንደ ደገምኩ እንደ ሠለስኩ፣ ሁሉንም።

አበባዋን አንስተው ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩዋት። ከዚያ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አድርገው ወደ እኔ ገፉት። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። አበባው ደማቅ ቢጫ ነው ይላል፤ ይህም በሌላ አካባቢ ከሚታወቀው ነጭ ይለየዋል ይላል።

«ይሄን ከየት አመጡት?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«ከእርስዎ። ደረቁ ላይ አበባ ሁሉ ቡናማ ነው። ነጭ ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ ናሙናውንም ካየሁት ሁለት ክረምት አልፏል፤ ሉሁን ሳይ ትዝታዬን ተጠራጠርኩ። የእርስዎን ዓይን ከእኔ ዕውቀት አስበለጥኩ።» ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ይሄ የመቃብሩ ነው። የወይራዋ ቢጫ ሊሆን ይችላል እኮ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ» አሉ።

ይህን ሲሉ የሚለምኑኝ ይመስል ነበር። አዎ ብል ያበቃል። እሳቸው ግኝታቸውን ይዘው ይኖራሉ፣ እኔ ስሜን ይዤ እኖራለሁ፤ ሰባት ፎቁን አፍርሶ የሚያይ የለም።

ናሙናውን ከካርቶኑ አወጣሁ። ጥግ ላይ መቆንጠጫ ይይዘዋል፤ አርባውን ስቀባ ሁሌም እዚያው ነበር። ፈታሁት። ከመቆንጠጫው ሥር አንዲት እንቡጥ አለች፣ ዳግመኛ ብሩሽ ያልነካት፣ በጤነኛ ዓይኔ እንደተውኳት ያለች። ነጭ ናት።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ለሦስት ሰው ጽፌያለሁ» አሉ። «ለድሮ የሥራ ባልደረቦቼ። አንዱ እንኳን ደስ ያለህ ብሎኛል።» ከዚያ «አሁን ይሂዱ እትዬ፣ ብቻዬን ልሁን» አሉኝ። በር ድረስ ሳይሸኙኝ የቀሩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አምስት ቀን ስልክ አልደወሉም። የልጅ ልጄ አንድም ቀን «ብዬሽ ነበር» አላለችም፤ ያ ራሱ ከበደኝ። ሹርባ ልሥራልሽ ትለኛለች፣ ሻይ ታመጣልኛለች፣ እንደ ታመመ ሰው።

በስድስተኛው ቀን ደወሉ። «ብሩሽዎን ይዘው መጽሐፍ ጠራዡ ጋ ይምጡ» ብቻ።

ሠላሳ አምስቱ ገና አልተሰፉም ነበር። የጠራዡን ሰፊ ጠረጴዛ ያዝን። እኔ በንጹሕ ውሃ አበባዋን አርሳለሁ፣ ቢጫው ሲለቅ በሶፍት እመጥጣለሁ፤ እሳቸው ከጎኔ በብዕር ያን መስመር እየሰረዙ በላዩ «ነጭ» ብለው ይጽፋሉ። ቀለም መቀባት ቀላል ነው፤ የተቀባን መመለስ ነው ሥራ። ሥሩ ድረስ አይለቅም፣ ወረቀቱ ይሻክራል፣ ትንሽ ከጫኑት ይላጣል። ስድስት ሉህ ተቀደደብኝ። ስድስት መጽሐፍ የአዞ ሐረግ ሳይኖረው ሊሰፋ ነው። ጠራዡ «እኔ ሠላሳ ዓመት ስጠርዝ መጽሐፍ ሲያጥብ ያየሁት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት» ይለኛል። መምህሩ አልሳቁም። አንዴ ብቻ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ስምዎን ላውጣው ወይስ ይቆይ?» አሉኝ።

«ይቆይ» አልኩ። «ስህተቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ።»

ሌሎቹን አሥራ አንድ ሥዕሎችም አገላበጥን። ደህና ናቸው አሉ። ያሉት ከትዝታቸው ነው፤ እኔም አዎ ያልኩት ከትዝታዬ።

«አምስቱስ?» አልኩ። አርባ ነበራ።

አምስቱ ቀድመው ተሰፍተው ሄደዋል፤ ከደሴ ወዲያ ወዳለ ትምህርት ቤት፣ መምህሩ በወጣትነታቸው ወዳስተማሩበት። ሲልኳቸው ደስታ ላይ ነበሩና አልጠበቁም። ስልክ ደወሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ድምፁ ከፍ ብሎ ይሰማኛል። «መምህር፣ ልጆቹ አብደዋል በመጽሐፉ! አጥራችን ላይ ያንን ሐረግ አግኝተው ሲያመሳክሩ የእኛው ነጭ ሆነባቸው። ይሄ የአዞ ሐረግ አይደለም ብለው ተከራክረው ሌላ ስም አውጥተውለታል።»

መምህሩ ስልኩን ዘግተው እኔን አዩ። «ደብዳቤ እጽፋለሁ» አሉ።

«ደብዳቤ አበባውን አያጥበውም» አልኳቸው።

በማግሥቱ ማለዳ ላምበረት አውቶቡስ ተራ ነበርኩ፣ ብሩሽ፣ ሶፍትና አንድ የእርሳስ መያዣ ሳጥን ሙሉ ቀለም በቦርሳዬ። የልጅ ልጄ ወንበሬ ድረስ ገብታ «እማዬ፣ ዓይንሽ ገና አልጠናም፣ አቧራ እንዳይገባበት» እያለች መነጽሬን ደጋግማ ጠረገችው።

ትምህርት ቤቱ ስደርስ ልጆቹን ሰብስበው ጠበቁኝ። ንግግር አልችልም። አምስቱን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አስከፈትኩና በፊታቸው አበባዋን አጠብኳት። የተሰፋ መጽሐፍ ማጠብ ካልተሰፋ ሉህ ይብሳል። አጥሩ ላይ ያለው ነው እውነተኛው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ዓይኔ ታሞ ነበር አልኳቸው። ልጆች ናቸውና ዓይኔን ሊያዩ ተሻሙ። «አሁን እኛን በትክክል ታየናለች?» «እኔ ምን ቀለም ነኝ፣ እማማ?» «አንተማ ያው ጥቁር ነህ!» አልኩት። ተሳሳቁ።

ከፊት የቆመች አንዲት ልጅ ግን አልሳቀችም። ገጹ እስኪደርቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ወደ ሌላው ሥዕል ገለጠች፣ ወደሚቀጥለው፣ ወደሚቀጥለው።

«እማማ፣ እነዚህንም የቀባሽው በዚያው ዓይንሽ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እነዚህስ ትክክል ናቸው?»

ብሩሼን ጠርጌ አስቀመጥኩ። መምህሩ ደህና ናቸው ብለዋል ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

መጽሐፉን ዘጋችው፤ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ በሩ ሄደች። ሌሎቹም ተከተሏት። እኔም ሳጥኔን አንስቼ፣ ከኋላ ከኋላቸው፣ ወደ አጥሩ፣ ወደ ሕያዎቹ፣ ወጣሁ።